አረንጓዴው የዛፍ ዘንዶ፦ ቢጫ ወይም ቀይ ሆኖ ተፈልፍሎ ለምን አረንጓዴ ይሆናል?

ሰሞኑን ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ፎቶ አለ። ደማቅ አረንጓዴ እባብ ቅርንጫፍ ላይ ተጠምጥሞ፣ ራሱን ከጥምጥሙ መሐል አሳርፎ ይታያል፤ ከሥሩ የሰፈረው ጽሑፍ ደግሞ እባቡ የጎፍ ደን ውስጥ እንደታየና በትንፋሹ ብቻ ሰው እንደሚገድል ይናገራል። የማስተምራቸው የባዮሎጂ ተማሪዎች እውነት መሆን አለመሆኑን ደጋግመው ጠይቀውኛል፤ መልሱ በአንድ ክፍለ ጊዜ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነም ስለ እንስሳው የሚታወቀውን በጽሑፍ ማስፈር ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በትንፋሹ የሚገድል እባብ በዓለም ላይ የለም። በፎቶው ላይ ያለው ደግሞ ጭራሹን መርዝ የሌለው፣ አረንጓዴው የዛፍ ዘንዶ ተብሎ የሚታወቀው ዝርያ ሲሆን አገሩም ከወሎ እጅግ የራቀ ነው።

ይህ ዘንዶ የሚኖረው በኒው ጊኒ ደሴት፣ በዙሪያዋ ባሉ አንዳንድ ትናንሽ ደሴቶችና የአውስትራሊያ ሰሜናዊ ጫፍ በሆነው የኬፕ ዮርክ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ሄርማን ሽሌገል የተባለው የእንስሳት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1872 ለሳይንስ ካስተዋወቀው ጊዜ ጀምሮ እንደ አንድ ዝርያ ሲቆጠር የኖረ ቢሆንም፣ የኒው ጊኒን ደሴት መሐል ለመሐል የሚከፍለው የተራራ ሰንሰለት የሰሜኑንና የደቡቡን ወገን ለረጅም ዘመን ለያይቶ ማቆየቱ በዘረመል ጥናት ስለታወቀ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ተመራማሪዎች ሁለት ዝርያ አድርገው ለይተውታል፤ የደቡቡ ሞሬሊያ ቪሪዲስ የሚለውን የቀድሞ ስም ይዞ ሲቀር የሰሜኑ ሞሬሊያ አዙሪያ ተብሏል። ጎልማሳው በአብዛኛው ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ገደማ ይረዝማል። በሀገራችን ቆላማ አካባቢዎች ከሚኖረው ትልቁ የአፍሪካ ዘንዶ ጋር የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ በግዝፈት ግን አይገናኙም።

እዚህ ሊኖር የማይችልበት የመጀመሪያው ምክንያት ብርድ ነው። እባብ እንደ እኛ ምግብ አቃጥሎ የራሱን ሙቀት የሚያመነጭ እንስሳ ባለመሆኑ፣ የሚንቀሳቀሰውም ሆነ የዋጠውን የሚፈጨው በዙሪያው ያለው አየር በፈቀደለት መጠን ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ብርድ የሚያውቅ ሰው፣ እንቁላሉ ለመፈልፈል ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት የሚሻ እንስሳ እዚህ ዘር ሊተካ እንደማይችል ለመረዳት አይቸገርም። በኒው ጊኒም ቢሆን ዘንዶው የቆላና የወይና ደጋ ነዋሪ ነው እንጂ ከፍታው ወደ 2000 ሜትር ሲጠጋ እየጠፋ ይሄዳል። ኮምቦልቻ ሞቅ ያለች ብትሆንም የምታገኘው ዝናብ በክረምትና በበልግ የተወሰነ ሲሆን፣ የኒው ጊኒ ቆላማ ደኖች ግን በዓመት ከ2000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርድባቸዋል።

የአየር ጠባይ ብቻውን ግን ሙሉ መልስ አይሆንም። በከፋና በሸካ ያሉት ደኖቻችን እርጥብና ጥቅጥቅ ያሉ ሆነው ሳለ ይህ ዘንዶ እዚያም የለም። ምክንያቱ የዘር ሐረጉ ነው፤ የቅርብ ዘመዶቹ ሁሉ የአውስትራሊያና የኒው ጊኒ ነዋሪዎች ናቸው፣ እሱም በዚያው ወገን ተፈጠረ እንጂ ውቅያኖስ አቋርጦ ወደ አፍሪካ የመጣበት ዘመን የለም። አንድ እንስሳ አንድ ቦታ እንዲኖር ቦታው መመቸቱ ብቻ ሳይሆን አያት ቅድመ አያቶቹ እዚያ መድረስ መቻላቸውም ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ፎቶው የእኛ አገር እባብ አለመሆኑን የሰማ ሰው «አረንጓዴ እባብ መርዝ የለውም» ብሎ እንዳይደመድም አደራ እላለሁ። በኢትዮጵያ ዛፍ ላይ ከሚኖሩት እባቦች አንዱ ቡምስላንግ የሚባለው ነው፤ ቀጭንና ትልልቅ ዓይን ያለው ሲሆን ወንዱ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ፣ ሴቷ ብዙ ጊዜ ቡናማ ናቸው። መርዙ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ስለሆነ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊጀምር ይችላል፤ ይህም የተነደፈውን ሰው ያዘናጋዋል። ስለ እባብ ጠንቅቆ ያውቅ የነበረው አሜሪካዊው ካርል ሽሚት እ.ኤ.አ. በ1957 ቺካጎ ውስጥ በትንሽ ቡምስላንግ ተነክሶ የሚሰማውን ሕመም በማስታወሻ ሲመዘግብ ቆይቶ በማግሥቱ ሞቷል። ቡምስላንግ ካልተነካ በቀር ሰው ላይ የማይደርስ ዓይን አፋር እባብ ነው፤ ስለዚህ ዛፍ ላይ አረንጓዴ እባብ ያየ ሰው ለመያዝም ለመግደልም ሳይሞክር ራቅ ብሎ ማለፍ ይኖርበታል፤ የተነከሰ ደግሞ ባያመውም ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

ወደ ዘንዶው ልመለስ። ዛፍ ላይ መኖር ለእባብ ቀላል ነገር አይደለም። እግርና እጅ የሌለው ረጅም አካል ከቅርንጫፍ ሳይወድቅ እንዲያርፍ፣ ጀርባውና ሆዱ ሳይሆን ጎኑ የተጫነ ሆኖ አካሉ ጠበብና ቆም ያለ ቅርጽ ይዟል፤ ጅራቱም ቅርንጫፍ ጨብጦ የመላ አካሉን ክብደት መሸከም ይችላል። ሲያርፍ ጥምጥሙን በቅርንጫፉ በሁለቱም ወገን፣ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ጋቢ፣ እኩል አድርጎ ያንጠለጥልና ራሱን መሐል ላይ ያኖራል። ይህ አቀማመጥ ጡንቻውን ሳያደክም ቀኑን ሙሉ እንዲያርፍ ከማስቻሉም በላይ ዝናብ በጣለ ጊዜ ውኃው በጥምጥሙ መሐል ስለሚጠራቀም፣ ዘንዶው ለመጠጣት ወደ መሬት መውረድ ሳያስፈልገው ከገዛ አካሉ ላይ ይጠጣል።

ከዓይን የተሰወረው ችግር የደም ዝውውር ነው። እባብ ቀጥ ብሎ ዛፍ ሲወጣ ደሙ በስበት ምክንያት ወደ ጅራቱ ይሸሻል፤ አንጎሉ ደም ካጣ ደግሞ ራሱን ስቶ ይወድቃል። ሃርቪ ሊሊዋይት የተባሉ የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ለዓመታት ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት፣ በዛፍ ላይ የሚኖሩ እባቦች ልብ ከውኃ እባቦች ልብ ይልቅ ወደ ራስ ቀረብ ብሎ ይገኛል፤ የደም ግፊታቸውም ከፍ ያለ ነው፤ የኋለኛው አካላቸው ቆዳና ጡንቻ ጠበቅ ያለ በመሆኑም ደሙ ወርዶ እዚያ እንዲጠራቀም አይፈቅድም። በውኃ ውስጥ የሚኖር እባብ ልቡ ወደ መሐል ቢሆንም አይጎዳውም፣ ውኃው ከውጭ ይደግፈዋልና። ስለዚህ የአንድን እባብ ልብ የት እንዳለ በማየት ብቻ ስለ አኗኗሩ ብዙ መናገር ይቻላል።

ስለ ዘንዶው ቀለም ግን ረዘም አድርጌ መጻፍ አለብኝ፤ ከሁሉ የሚያስገርመኝ እሱ ነውና። የዚህ ዘንዶ ጫጩት አረንጓዴ አይደለም። ከእንቁላል ሲወጣ ወይ ደማቅ ቢጫ ነው፣ ወይ እንደ ጡብ የቀላ፤ በኒው ጊኒ ሁለቱም ዓይነት በአንድ እናት ሥር ሊፈለፈሉ ይችላሉ፣ በአውስትራሊያ ግን የሚታየው ቢጫው ብቻ ነው። ርዝመቱ ወደ 55 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ ማለትም ዕድሜው አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ቀለሙ ተለውጦ አረንጓዴ ይሆናል፤ ለውጡ ቆዳ በመጣል የሚመጣ አይደለም፣ በቆዳው ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ራሳቸው በመለወጣቸው የሚመጣ እንጂ። ለረጅም ጊዜ ሰዎች ይህን ሲያዩ ጫጩቱ ደማቅ የሆነው መርዛማ መስሎ ጠላቱን ለማስፈራራት ይሆናል ሲሉ ይገምቱ ነበር።

ዴቪድ ዊልሰን፣ ሮበርት ሄይንሶንና ጆን ኤንድለር በኬፕ ዮርክ አይረን ሬንጅ በተባለው ደን ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት የተለየ መልስ አቀረቡ። ጥያቄያቸው ቀለሙ ለሰው ምን ይመስላል የሚል አልነበረም፤ ዘንዶውን የሚበሉት ወፎች በመሆናቸው፣ ቀለሙ በወፍ ዓይን ከአካባቢው ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ይለያል የሚል ነበር። የዘንዶዎቹንም፣ የቅጠሉንም፣ የደረቀውን ሣርና የዛፉን ቅርፊትም ቀለም በመሣሪያ ለክተው ሲያስተያዩት፣ ቢጫውም ቀዩም ጫጩት ብርሃን በሚገባበት የደን ክፍተትና ጠርዝ ላይ፣ ደረቅና ለምለም ቅጠል በተቀላቀለበት ስፍራ ሲሆን ከወፍ ዓይን የሚሰወር ሆኖ አገኙት፤ አረንጓዴው ጎልማሳ ደግሞ በላይኛው የቅጠል ጣራ ውስጥ ይሰወራል። ለእኛ የሚያንጸባርቀው ቀለም በትክክለኛ ቦታው ላይ መደበቂያ ነው ማለት ነው።

ጫጩቱ ጠርዙን ለምን ይመርጣል ቢሉ መልሱ ምግብ ነው። አፉ ትንሽ በመሆኑ መዋጥ የሚችለው ትናንሽ እንሽላሊቶችን ነው፤ እነሱ ደግሞ ፀሐይ በሚያገኙበት ክፍት ቦታ፣ በቀን የሚንቀሳቀሱ ናቸው። የጅራቱን ጫፍ እንደ ትል እያወዛወዘ እንሽላሊቱን አማልሎ ወደ አፉ የሚያቀርብበት ጊዜም አለ። ሲያድግ አይጥ መዋጥ ይችላል፤ አይጥ በሌሊት ስለሚወጣ አዳኙም የሌሊት ይሆናል፤ ቀኑን የሚያሳልፈው ከፍ ባለ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነም አረንጓዴነት የሚጠቅመው ያኔ ነው። ቀለሙ የተለወጠው ምግቡ፣ ሰዓቱና ቦታው አብረው ስለተለወጡ ነው። ከሦስቱ አንዱን ነጥሎ ማየት ቀለሙን እንቆቅልሽ ያደርገዋል፤ ለተማሪዎቼም ከሁሉ በላይ እንዲጨብጡት የምፈልገው ይህን ነው።

አረንጓዴው ራሱ ከአንድ ቀለም የተሠራ አይደለም። በቆዳው ውስጥ ቢጫ ቀለም የያዙ ሕዋሳት አሉ፤ ከሥራቸው ደግሞ በጥቃቅን ክሪስታሎች አማካይነት ሰማያዊ ብርሃን የሚመልሱ ሌሎች ሕዋሳት አሉ፤ ከታች የተመለሰው ሰማያዊ በቢጫው ውስጥ አልፎ ሲወጣ ለዓይን አረንጓዴ ይሆናል። ለዚህ ማስረጃው በቤተ መዘክር አልኮል ውስጥ የተቀመጠ አረንጓዴ እባብ ነው፤ አልኮሉ ቢጫውን ቀለም ስለሚያሟሟው እባቡ ከጊዜ በኋላ ሰማያዊ ሆኖ ይገኛል።

ዘንዶው አሳዳጅ ሳይሆን አድብቶ ጠባቂ ነው። ጎልማሳው ሲመሽ ወደ ግንዱ ግርጌ ወርዶ፣ በጅራቱ ቅርንጫፍ እንደጨበጠ አንገቱን አጥፎ ራሱን ወደ መሬት ይቀስርና አይጥ እስኪያልፍ ሳይነቃነቅ ይጠብቃል። ዛፍ ላይ ስለሚኖርና የፊት ጥርሶቹ ረጃጅም ስለሆኑ ብዙዎች ቀለቡ ወፍ ነው ይላሉ፤ ዳሩ ግን በሆዱ ውስጥ የተገኘው በአብዛኛው አይጥና እንሽላሊት ነው።

በጨለማ አይጡን የሚያገኘው በዓይኑ ብቻ አይደለም። በከንፈሩ ላይ በተደረደሩት ቅርፊቶች ውስጥ ጥቃቅን ጎድጓዳ ቦታዎች አሉት፤ እነዚህ ጉድጓዶች ከሞቃት አካል የሚወጣውን ለዓይን የማይታይ የሙቀት ጨረር ይቀበላሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ ይህን ስሜት የሚፈጥረውን ፕሮቲን ለይተው ሲያገኙት፣ በሰውም ውስጥ ያለ ትርፕ-ኤ-ዋን የሚባል ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ፤ ጁሊየስ በሌላ የሙቀት ተቀባይ ግኝታቸው እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሁለት ሊቃውንት አንዱ ናቸው። በእኛ አካል ይህ ፕሮቲን ዋና ሥራው የሚቆጠቁጡ ነገሮችን ማሳወቅ ነው። በጾም ገበታ ላይ በእንጀራ ጫፍ ነካ አድርገን የምንቀምሰው ሰናፍጭ አፍንጫችንን ሰንጥቆ ዓይናችንን በእንባ የሚሞላው ይህንኑ ፕሮቲን ስለሚቀሰቅስ ነው። በዘንዶና ቦአ በሚባለው ሌላው እየጠመጠመ የሚገድል የእባብ ወገን፣ እንዲሁም በራሳቸው ላይ ጉድጓድ ባላቸው የእፉኝት ወገኖች ውስጥ ግን ያው ፕሮቲን ለሙቀት እጅግ ንቁ ሆኖ ተስተካክሏል። ከእኛ ጋር የሚጋሩትን መሣሪያ ለሌላ ሥራ አዋሉት ማለት ነው።

የያዘውን እንስሳ በጥርሱ አጥብቆ ይዞ እየጠመጠመ ይገድለዋል። አየር አሳጥቶ ያፍነዋል የሚለው የቆየ አስተሳሰብ ነው፤ በቦአ ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ልኬት እንዳሳየው፣ የተጠመጠመበት አይጥ በሴኮንዶች ውስጥ የደም ዝውውሩ ይቋረጣል፤ ሞቱም የሚፈጥነው ልቡና አንጎሉ ደም ስለሚያጡ ነው።

ሴቷ እንቁላል የምትጥለው ብዙ ጊዜ በዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ሲሆን ቁጥሩ ከአምስት እስከ ሠላሳ ገደማ ይደርሳል። ከዚያም ራሷን በእንቁላሎቹ ዙሪያ ጠምጥማ እስኪፈለፈሉ፣ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ፣ ምግብ ሳትቀምስ ትታቀፋቸዋለች። እባብ ልጁን አይወድም ለሚሉ ሰዎች ይህን ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። በዘንዶ ቤተሰብ ውስጥ ያሉ አንዳንድ እናቶች ከዚህም አልፈው ጡንቻቸውን እያንቀጠቀጡ ሙቀት ያመነጫሉ፤ የበርማው ዘንዶ በዚህ መንገድ ከአካባቢው አየር በብዙ ዲግሪ እንደሚሞቅ እ.ኤ.አ. በ1966 በታተመ ልኬት ተረጋግጧል። ሙቀት የማያመነጭ ነው ብለን የጀመርነው እንስሳ ለልጁ ሲል ማመንጨቱ የባዮሎጂ ሕግ ሁሉ ወሰን እንዳለው ያሳያል።

በደቡብ አሜሪካ ደኖች ውስጥ የሚኖረው መረግዳዊው የዛፍ ቦአ ከዚህ ዘንዶ አጠገብ በፎቶ ቢቀመጥ ብዙ ሰው መንትዮች ናቸው ይላል። እሱም አረንጓዴ ነው፣ በቅርንጫፍ ላይ በዚያው አኳኋን ይጠመጠማል፣ የፊት ጥርሶቹ ይረዝማሉ፣ ከንፈሩ ላይ ሙቀት ተቀባይ ጉድጓዶች አሉት፤ ግልገሉም ቀይ ወይም ብርቱካናማ ሆኖ ተወልዶ በዓመቱ ገደማ አረንጓዴ ይሆናል። ነገር ግን የዘንዶና የቦአ ወገኖች ከተለያዩ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመታት አልፈዋል፤ መመሳሰላቸው ከአንድ አያት የወረሱት ሳይሆን በሁለት አህጉር አንድ ዓይነት ኑሮ ስለኖሩ ለየብቻ የደረሱበት ነው። ልዩነታቸው ቀረብ ብሎ ላየ ሰው ይታያል፤ የዘንዶው ጉድጓዶች በከንፈር ቅርፊቶቹ ላይ የተቦረቦሩ ሲሆን የቦአው ግን በቅርፊትና በቅርፊት መሐል ናቸው። ዋናው ልዩነት ግን በመራባት ነው፦ ዘንዶዋ እንቁላል ትጥላለች፣ ቦአዋ ግን ጽንሶቹን ስድስት ወር ገደማ በሆዷ ይዛ ሕያው ግልገሎች ትወልዳለች። በእኛ ዘንድ የእፉኝት ልጆች የእናታቸውን ሆድ ቀደው ይወጣሉ የሚል ጥንታዊ ወሬ አለ፤ የሚወልዱ እባቦች ሁሉ ግን በተፈጥሮ መውጫቸው በሰላም ይወልዳሉ፣ እናትየዋም በሚቀጥሉት ዓመታት ደግማ ትወልዳለች።

ይህ ውበት ለዘንዶው አደጋም ሆኖበታል። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በእስያ እባብ በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች ስለሚፈልጉት ዋጋው ውድ ነው። ዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት በሁለተኛው ሰንጠረዥ ስለመዘገበው ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት አይቻልም፤ በኢንዶኔዢያ ሕግም ከደን መያዝ የተከለከለ ሲሆን ወደ ውጭ የሚላከው በእርባታ የተገኘው ብቻ መሆን ነበረበት። ጄሲካ ላየንስና ዳንኤል ናቱሽ ከነሐሴ 2009 እስከ ሚያዝያ 2011 እ.ኤ.አ. በነጋዴዎች ዘንድ እየዞሩ ሲመዘግቡ፣ ከደን በሕገ ወጥ መንገድ የተያዙ 4227 ዘንዶዎች አገኙ፤ ከዚህም ተነሥተው ከኢንዶኔዢያ «የእርባታ» ተብለው በየዓመቱ ከሚላኩት ቢያንስ 80 በመቶው ከደን የተለቀሙ መሆናቸውን አስረዱ። ከሁሉ የበለጠ የተለቀመው ቢያክ ከምትባለው ደሴትና ከአካባቢዋ ነበር። ትንሽ ደሴት ላይ ያለ ዘር ደግሞ ከሌላ ቦታ የሚተካው ስለሌለ ጉዳቱ ቶሎ ይሰማዋል።

አንድ ጫጩት በእርባታ የተፈለፈለ ይሁን ከደን የተያዘ በመልኩ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ሁለቱ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ሐሳብ ቀላል ነው፦ አርቢው ወደ ውጭ ለሚልከው ለእያንዳንዱ ጫጩት የወጣበትን የእንቁላል ቅርፊት አስቀምጦ ለተቆጣጣሪ እንዲያሳይ። በእርባታ ቤት የተፈለፈለ ዘንዶ ሁሉ ቅርፊቱን እዚያው ይተዋል፤ ከደን የተለቀመው ግን ቅርፊቱ ጫካ ውስጥ፣ በአንድ የዛፍ ቀዳዳ ቀርቷልና ነጋዴው የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም።